ከኋላ ጎማዋ የሚመጣው ጩኸት

ለከዲሮ፣

ነገ መኪናዋን አታስነሳት። ከኋላ የሚጮኸው ባሌስትራው አይደለም። በክሪክ አንስቼ የግራ ጎማዋን በእጄ ባሽከረክረው አጉረመረመ፤ ስነቀንቀውም ተወዛወዘ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቷል።

«ገብስ ሲጫንባት ዝም ትላለች፣ ድናለች ጋሼ» አልከኝ። ክብደቱ ድምፁን አፈነው እንጂ አልዳነችም። ልጅህን ጉቱን ከአፈሳው ልታስመልጥ ከጆንያው ሥር ደብቀኸው ጎማው ኬላው ጋ ቢወልቅ፣ ጆንያውን የሚያወርዱት ወታደሮቹ ናቸው።

አምና ለእኔ ልጅ መኪናዋን ስለምንህ ቤንዚን የለም አልከኝ።
ከወሰዱት ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።

ትናንት በሚስትህ ፊት የጮህኩብህን እርሳው።

ፈረሴ ከጓሮህ ታስሯል። ጉቱ ሲመሽ በእሱ ተቀምጦ በአቋራጭ ሳጉሬ ይምጣ፤ እህቴ አሰፋች ትደብቀዋለች። እኔ ቀድሜ ልነግራት በእግሬ ወጥቻለሁ።

ወልደጻድቅ