ያለ ፈቃድ ግድብ ስለተሻገሩ ዓሦች

ለተከበሩ የወንዞችና ግድቦች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። የቢሮዎ መስኮት ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያይ በመሆኑ ዓይንዎ ከብዙ ድካም እንደተረፈ ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል።

እኔ ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአሮጌውን ግድብ በሮች ለሃያ ስምንት ዓመት ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በማኅተምዎ ያሸበረቀ ደብዳቤ ደርሶኛል። «ያለ ፈቃድ ዓሣ ከግድቡ በታች ወደ ግድቡ በላይ ስላጓጓዙ በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ይስጡ» ይላል። ሌላው ሰው ዓመት ሙሉ ደጅዎን ጠንቶ የማያገኘውን ደብዳቤ ለእኔ ሳልጠይቅ ስለጻፉልኝ ክብረት ይስጥልኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ መልሴን ሁሉም እንዲያነበው በግልጽ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ግድቡ የተሠራው ለዱቄት ፋብሪካው ኃይል እንዲሰጥ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ወፍጮዎቹም ተነቅለው ሄደዋል። ግድቡ ግን ለማንም ምንም ሳይሠራ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሥራ ፈትቶ በቦታ መጽናትን ከማን እንደተማረ መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም።

፪ኛ. ባለጢሙ ዓሣ ዝናብ ሲጀምር ዕንቁላሉን ለመጣል ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ ተነሥቶ ከግድቡ በላይ ወዳለው ጠጠራማ ውሃ ይወጣል። ድሮ በግድቡ ግርጌ በዝናብ ወራት የምንከፍትለት በር ነበረ። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የያኔው አለቃዬ «ዝጋው፤ ከእንግዲህ ውሃ አናባክንም» አሉኝ። ዘጋሁት። በማግሥቱ ዓሦቹ እየዘለሉ ከግድግዳው ሲላተሙ፣ አፋቸው እየደማ ሲወድቁ ቆሜ አየሁ። የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዕንቁላላቸውን ከታች ጭቃው ላይ ይጥሉታል፤ አብዛኛውም እዚያው ይበሰብሳል። ይህ ጥፋቴ ከክስዎ ውስጥ መዘንጋቱ ትልቅ ጉድለት ነውና፣ በትሕትና እለምንዎታለሁ፣ ከሌላው ሁሉ አስቀድመው ያስገቡልኝ።

፫ኛ. ግድቡ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጠንቷል። ሦስቱም ጥናቶች «ይፍረስ» ስላሉ እርስዎ አራተኛውን አዘዙ። የሰፈሩ ሰው አምስት ጊዜ ቢያመለክትም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ያም ሆኖ፣ መጨረሻ ቢሮዎ የገባን ዕለት «ታገሡ እንጂ፣ ዓሣው የትም አይሄድ» ብለው አጽናንተውናል። እውነትዎን ነው፤ የትም አልሄደም። ችግራችንም እሱ ነበር።

፬ኛ. አሁን ወደ ወንጀሉ ልምጣ። ታላቅ እህቴን ሰፈሩ «የዓሣዋ እትዬ» ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትሸጥ ኖራ፣ ገበያዋ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ ዘንድሮ ጠረጴዛዋን አጥባ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሰጠችው። ዝናቡ በጀመረ በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ባልዲ ይዛ ደጄ ላይ ቆመች። «የዘጋኸው አንተ ነህ፤ የምታሻግራቸውም አንተ ነህ። ተነሥ» አለችኝ። አንዱን ባልዲ ተቀብዬ ተከተልኳት።

ልብስ ሰፊው መጣ፤ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት መጣች፤ ሌላውም እያየ ተከተለ። ሃያ ሦስት ሆነን ከግድቡ ግርጌ እስከ አናቱ ባሉት ደረጃዎች ላይ ተደርድረን ባልዲ ተቀባበልን። እህቴ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ በመረብ እያነሣች ታቀብለን ነበር። ሆዷ በዕንቁላል የተወጠረ አንዲት ትልቅ ዓሣ እጇ ስትገባ መምህርቷ «ይቺን እንኳ ለራትዎ ያስቀሯት» አለቻት። እህቴም «ስሸጣቸው አይደል የኖርኩት፤ አንድ ቀን ደግሞ ላሻግራቸው» ብላ ባልዲው ውስጥ ለቀቀቻት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ዓሣ አሻገርን። ቁጥሩን የምጽፍልዎት ክስዎ እንዳይጎድል ብዬ ነው።

የጥበቃ ሠራተኛዎም ግዴታውን በሚገባ እንደተወጣ እመሰክራለሁ። የሁላችንንም ስም አንድ በአንድ መዝግቧል። ወረቀቱ በዝናብ ርሶ ከእኔ ስም በቀር የሚነበብ ባይተርፍ ጥፋቱ የዝናቡ ነውና፣ ደብዳቤ የሚጻፍ ከሆነ ለደመናው ይጻፍ።

ከሁለት ወር በኋላ መምህርቷ ከግድቡ በላይ ይዛን ወጣች። ከጠጠሩ መካከል በወንፊት ጨልፋ መርፌ የሚያካክሉ ጫጩት ዓሦች አሳየችን። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ቦታ አይቻቸው አላውቅም። እህቴ ወንፊቱን ተቀብላ ጫጩቶቹን ቀስ አድርጋ ወደ ውሃው መለሰቻቸው። እኔም ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ።

፭ኛ. እንግዲህ የተጠየቅሁት መልስ ይህ ነው። አዎ፣ አጓጉዣለሁ። ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ወደፊትም አልጠይቅም። በሩ ሲዘጋባቸው ዓሦቹን ፈቃድ የጠየቃቸው አልነበረም። ግድቡ እስኪፈርስ ድረስ ዝናብ በጀመረ ቁጥር ከዚያው ደረጃ ላይ ያገኙኛል። ያን ጊዜ በሩን እንድዘጋ በታዘዝኩ ጊዜ «እምቢ» ማለት ነበረብኝ፤ ሳልል ቀረሁ። ዘግይቶም ቢሆን ዛሬ ለእርስዎ ብያለሁ።

ለጥናት ያለዎት ፍቅር እንዳይቀንስ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ የቀድሞ ታዛዥ፣
ከእንግዲህ ግን የማይታዘዝዎት፣
የግድቡ በር ዘጊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ የመሥሪያ ቤትዎ አዲስ መጽሔት ደረሰኝ። በሽፋኑ ላይ ከግድቡ በላይ የተነሣ የባለጢም ዓሣ ፎቶ፣ ከሥሩም «የጥረታችን ፍሬ» የሚል ጽሑፍ አለ። በባልዲ ካልሆነ በቀር እዚያ የሚደርስ ባለጢም ስለሌለ፣ ፎቶ የተነሣው ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። አድራሻውን አግኝተውታልና፣ የእሱንም ደብዳቤ እንዳይረሱት።