የአስናቀች ትራስ እና ሁለቱ ክኒኖች

ከመኝታ ቤታችን የተሰጠ መግለጫ። በሰው አገር፣ በአመሩድ ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ከአልጋችን በመስኮቱ በኩል ለረጅም ዘመን በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው ሁለተኛው ትራስ ካለፈው እሑድ ጀምሮ ከሥራው ተሰናብቶ ወደ ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ተዛውሯል። ዝውውሩ የተፈጸመው በልጃችን በማርታ ትእዛዝ ሲሆን፣ ትራሱም ሆነ እኔ አስተያየታችንን አልተጠየቅንም።

አስኒዬ፣ እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ካልተሻለ የት ሊሻል ነው። ኅዳር ላይ ከተለያየን ይኸው አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ቤቱ እንዳለ ነው። ሊፍቱ ተሠርቷል፤ የታችኛው ጎረቤትም ብስክሌቱን ኮሪደሩ ላይ ማቆም ትቷል። ስንት ዓመት የተጨቃጨቅሽባቸው ሁለት ጉዳዮች አንቺ በሌለሽበት መፈታታቸውን ሳስብ በአንቺ ፈንታ እናደዳለሁ።

እኔ ግን እንዳለሁ አይደለሁም። ሄልስፊር ሰፈር ያሉትን ቢሮዎች ማጽዳት ካቆምኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ጨርቁን እንደያዝኩ መስኮት መስኮት እያየሁ ቆሜ እቀር ጀመር። አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ሳይቆጣ ወደ ሐኪምሽ ወደዚያች ልጅ ላከኝ። ታውቂያታለሽ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠችው፣ “ይቺ ደግሞ መቼ ተምራ ጨረሰች” ትያት የነበረችው። የሕመም ፈቃዱን፣ ሲክመልዲንጉን፣ ጻፈችልኝና ድባቴ ነው አለች። ሐዘን ነው አልኳት። ሐዘንም ሲቆይ ስሙን ይቀይራል አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋን አላነሣም።

የመጀመሪያዋ ክኒን ትንሽ ናት፣ ነጭ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ደረቴ ላይ የተቀመጠ የሚመስለኝን ከባድ ሰውዬ አንድ እግሩን አስነሣችው። ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ ለሰላምታ ሰላምታ መመለስ ጀመርኩ። እንቅልፌ ግን ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ሻንጣውን ይዞ ወጥቶ ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ ከአመሩድ እስከ ከተማ ያሉትን የባቡር ጣቢያዎች በሙሉ እጠራለሁ፤ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ያለ ትኬት።

ይኼን ለአንቺ መጻፍ ያሳፍራል፤ አንቺ የእንቅልፍ ባለጠጋ ነበርሽ። ከሕፃናቱ መዋያ፣ ከባርነሃገው ኩሽና ወጥተሽ ባቡር ውስጥ ትከሻዬን ካገኘሽ፣ በሁለተኛው ጣቢያ የለሽም። አንድ ቀን አመሩድ ስንደርስ ልቀሰቅስሽ እጄን አነሣሁና ፊትሽን አይቼ ተውኩት። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄደን፣ ባቡሩ ዞሮ፣ ተመልሰን ወረድን። “ዛሬ ባቡሩ ምን ነካው፣ ቆየ እኮ” አልሽኝ። በረዶ ነው አልኩሽ። በረዶ አልነበረም፤ እወቂው።

ሐኪሟ ዘንድ ተመልሼ እንቅልፍ የለኝም አልኳት። መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ነው የምትወስደው? አዎ አልኳት። ቀን ዘለህ ታውቃለህ? ኧረ በጭራሽ። እንግዲያው የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ አንዳንድ ሰውን እንቅልፍ ይነሣል፤ ስለረዳህ አናቋርጠውም፣ ማታ የሚወሰድ ሌላ በትንሹ እንጨምርበታለን አለች። የተጨመረችው የእንቅልፍ ክኒን እንዳትመስልሽ። እሷም የድባቴ መድኃኒት ናት፤ የጎንዮሽ ጉዳቷ ግን ማስተኛት ነው። ስሚኝ አስኒ፣ የአንዷን ጥፋት በሌላዋ ጥፋት ነው የሚያርሙት። አገር ቤት መንግሥታት ሲሠሩበት ያየነውን ዘዴ እዚህ ሕክምና ሆኖ አገኘሁት።

ኤርትራዊው ጎረቤታችን አቶ ሃብቶም፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሳይቀጠር የሕንፃውን በር የሚጠብቀው፣ ሁለቱን ማሸጊያ ይዤ ስገባ አየኝ። “እነሱ ሁለት፣ አንተ አንድ፤ በድምፅ ብልጫ ተሸንፈሃል” አለኝ። ሳቅኩ። ሊፍቱ ሲዘጋ ደግሞ አለቀስኩ። የትኛው ከየትኛዋ ክኒን እንደመጣ ግን ማወቅ አልቻልኩም።

ሁለተኛዋ እንቅልፍን በቁንጥር፣ ረሀብን በቁና ይዛልኝ መጣች። ያውም በዐቢይ ጾም። እዚህ ላይ ልናዘዝልሽ። አንቺ ሳለሽ “ለአንድ ቤት አንድ ጾመኛ ይበቃዋል” እያልኩ በጾምሽ ተጠልዬ ስበላ ኖርኩ። ከሄድሽ በኋላ ላደርግልሽ የምችለውን ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። መቃብርሽን ሠራተኞች ይጠርጉታል። ልብስሽን ማርታ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ወረቀትሽን ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ዘጋው። የቀረኝ ጾምሽ ብቻ ነበር፤ እሱን ወሰድኩ። እንደ አንቺው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ በአፌ አይዞርም።

ውኃ ካልገባ ደግሞ ክኒን አይገባም። ስለዚህ የጠዋቷን ክኒን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሽሮዬ ጋር ነበር የምውጣት። ከምግብ ጋር ነው ወይ ተባልኩ፤ ከምግብ ጋር ነው። ስንት ሰዓት ላይ ያለኝ የለም። ማሸጊያው ላይ “ጠዋት” የሚል ተለጥፏል፤ እሱን ግን ጾም የማያውቅ ሰው የሰጠው ምክር አድርጌ ነበር ያየሁት።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ማርታ የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የክኒን ሣጥን ይዛልኝ መጣች። ክኒኖቹን ከማሸጊያው ቆጥራ ስትሞላ አንዷ ተረፈች። “አባዬ፣ የዛሬ ጠዋቷ እዚህ ምን ትሠራለች?” ዘጠኝ ሰዓት መቼ ደረሰ አልኳት። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች። “እማዬ ብትኖር ትገድልህ ነበር” አለችና ደነገጠች፤ ከዚያ ሁለታችንም የሚያስቀውን ክፍል ስንጠብቅ ትንሽ ቆየን። ሐኪሟ ጋ ደወለች። ሐኪሟም ምናልባት ሰዓቱ ነው፣ ምናልባት የመድኃኒቱ ጠባይ፣ ምናልባት ሁለቱም፤ የመጀመሪያዋን ወደ ጠዋት ይመልስ፣ የማታዋን ግን በገዛ እጁ እንዳያቆም፣ ቀጠሮው ላይ እናየዋለን አለች።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። የታመመ ሰው ጾም አያስገድደውም፣ በጠዋት ዋጣት አሉኝ። ታዲያ ለአስናቀች ምን ላድርግላት አልኳቸው። ብዙ ሰው የጠየቃቸው ጥያቄ አይመስልም፤ መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። በመጨረሻ “ተኛ” አሉኝ።

ተኛሁ። ባለፈው ሐሙስ እስኪረፍድ ተኛሁ። ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ፣ ሁለት ብርጭቆ አወረድኩ፣ ያንቺን በሦስት ማንኪያ ስኳር አማሰልኩ፣ “አስኒ፣ ረፈደብሽ” ብዬ ተጣራሁ። ትዝ ያለኝ ድምፄን ስሰማ ነው። ከኅዳሩ ወዲህ ሞትሽን ለዚያን ያህል ጊዜ ረስቼው አላውቅም። እንቅልፍ ባጣሁ ጊዜ ቢያንስ አንቺን አላጣሁሽም ነበር። አሁን ካልተኛሁ እኔ አልቃለሁ፤ ከተኛሁ ደግሞ አንቺ። ለዚህ ሦስተኛ ክኒን ይኖር እንደሆነ ሐኪሟን ለመጠየቅ አፈርኩ።

እሑድ ለማርታ ነገርኳት። መኝታ ቤት ገባችና ትራስሽን አቅፋ ወጣች። “እሱን እያየህ ስለምትተኛ ነው፣ አባዬ” አለች። ድምጿ ያንቺ ስለሆነ እሺ አልኩ።

ትልቅ ቃል ልገባልሽ አቅም የለኝም፤ ትንሹን ልግባልሽ። ሁለቱንም በየሰዓታቸው እውጣቸዋለሁ። እተኛለሁ። ጠዋት ዐይኔን ስገልጥ ብረሳሽ እንኳ፣ የሻይ ማንኪያው ብርጭቆውን ሳይነካ አስታውስሻለሁ።

ባለቤትሽ ጌታሁን

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ የመጀመሪያ አንቀጽ፣ ሁለተኛው ትራስ ወደ ቁም ሳጥኑ መዛወሩ ተገልጿል። በተደረገው ማጣራት፣ ትራሱ መደርደሪያው ላይ የቆየው ማርታ በሊፍቱ ወርዳ በር እስክትወጣ ድረስ ብቻ መሆኑ ተረጋግጧል። ለተፈጠረው ስሕተት ይቅርታ እንጠይቃለን። ትራሱ በመስኮቱ በኩል በመደበኛ ሥራው ላይ ይገኛል።