ከኋላ የሚቀመጥ ሰው

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ዛሬ የሞተሬን መሪ ላስቀይር አዘዞ ሄድኩ። አሮጌው ዝቅ ያለ ስለሆነ ክብደቴ ሁሉ በእጄ አንጓ ላይ ያርፋል፤ ሊማሊሞን ስወርድማ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሰኞ ደግሞ ለባለቤቴ ለስንዱ ተዝካር እናቷ ዘንድ፣ ዛሪማ፣ መውረዴ ነው።

መካኒኩ ሰይድ ከፍ ያለና ወደ ነጂው የታጠፈ መሪ አሰረልኝና “እስቲ ይቀመጡበት” አለኝ። ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ቀና አለ፣ ትከሻዬ ተፍታታ። ይህ እያለ ምነው እስከዛሬ ጎበጥኩ አልኩ።

“ሸጋ ነው” አልኩት።

“አንድ ነገር ብቻ አለው፣ አያ ታከለ። ወደ ኋላ ይገፋዎታል። የሚያፈናጥጡት ሰው አለ?”

ዞር ብዬ መቀመጫውን አየሁ። ለካ የተቀመጥኩት የስንዱ ቦታ ላይ ነው። “ጠጋ በል እንጂ!” እያለች ጀርባዬን በጡጫ ትነካኝ ነበር። እኔም እንዲሰፋት ብዬ ወደ ፊት እጠጋለሁ፤ የጎበጥኩት እንዲያ ነው።

ሰይድ መሞቷን አልሰማም። መልሴን ይጠብቃል።

“አዎ፣ ባለቤቴን” አልኩት።

“እንግዲያስ ይቅርብዎ፤ እሷን ያጣብባታል” ብሎ ፈታው። አሮጌውን መልሶ አሰረልኝ።

እስከ ሰፈሬ፣ እስከ ፀዳ፣ እጄ እንደ ወትሮው ደነዘዘ። በራችን ላይ ሞተሩን አጠፋሁና መጀመሪያ እሷ እስክትወርድ ጠበቅሁ።