የመርከቡ አትክልተኛ

ለውድ ወንድሜ፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብህ ወገብህ ዘንድሮስ ማረህ? እማዬ ዓይኗን እንዴት ሆነች? ሚስትህ፣ ልጆቹ፣ ግቢው ሁሉ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። እጄን የካውያው እንፋሎት ትንሽ ላጥ አደረገው እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ናፍቆታችሁን ግን አልቻልኩትም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ዘጠኝ ዓመት ጠበቅን፤ ከእንግዲህ መጠበቁን ትቻለሁ፣ ክፍልሽንም ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለተከራይ እሰጠዋለሁ ያልከውን ሳነብ ሆድ ባሰኝ። ተናድጄብህም ነበር፤ ምን እደብቅሃለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ያልኩህ ለዚያ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ደረሰብኝና ላንተ ካልነገርኩት ለማን እነግራለሁ አልኩ። ስታነበው ሳቅ አምልጦህ እማዬን እንዳታስደነግጣት።

ቀን የሆቴል አንሶላ እንደምተኩስ ታውቃለህ። ከዚያ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ለአንዲት ትንሽ የመጻሕፍት መጽሔት ሂስ እጽፋለሁ። የሰጡኝም ሌላው ጸሐፊ ሊያነበው የማይፈልገውን ዓይነት መጽሐፍ ነው። ያ ልጆች ሳለን የምንከታተለው የጠፈር መርከብ ድራማ እስከ ዛሬ አላለቀም ብልህ ታምነኛለህ? ከእሱ ተነሥተው የሚጻፉ ልቦለዶችም እንደ ጉድ ይወጣሉ። እኔ እነሱን እያነበብኩ ይህ ይነበብ፣ ይህ ይቅር እላለሁ። በአንዱ ካፒቴኑ ሚስቱን ሲያባብላት የሕግ አንቀጽ የሚያነብላት ይመስላል። የሌላው ደራሲ ስለ ሞተሩ አሥራ አንድ ገጽ ጽፎ ሰዎቹ የት እንደሚተኙ ረስቶታል። አልፎ አልፎ ግን አንድ ደህና ይመጣል። እሱን ባነበብኩ ማግስት እንፋሎቱ መሀል ቆሜ አንሶላው ከእጄ ተነሥቶ የሚንሳፈፍ፣ ማሽኖቹ ሲያጉረመርሙም ወለሉ ቀስ ብሎ ከምድር የሚለቅ ይመስለኛል። አለቃዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠራችኝ አልመለስም።

ባለፈው ወር ስለ መርከቡ አትክልተኛ የተጻፈ አዲስ ልቦለድ ደረሰኝ። ትዝ ይልሃል አይደል፣ ያ ክብደት በሌለበት ክፍል ውስጥ ቲማቲም የሚያሳድገው ዝምተኛ ሽማግሌ? ጭር ባለች ፕላኔት ላይ ረስተውት ሲሄዱ እንዴት እንዳለቀስኩ አንተ ነህ የምታውቀው። መጽሐፉ ሽማግሌው እዚያው ብቻውን ሲያረጅ ይተርካል። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ደራሲው ድራማውን በቅጡ አላየም ብዬ ጻፍኩ። ካፒቴኑ መርከቡን አዙሮ እንደተመለሰ፣ አትክልተኛውም «ዘገያችሁ፤ ቲማቲሙ ግን ደርሷል» እንዳላቸው የማያውቅ ሰው ብዕር ባያነሣ ይሻላል አልኩ።

ጉድ ፈላ። የአንባቢ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ፣ የድራማውን ክፍሎች በሙሉ የመዘገቡበትን ደብተር ታቅፈው ቢሮ ድረስ መጡ። አልተቆጡኝም።

«ልጄ፣ መርከቡ አልተመለሰም» አሉኝ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ቀስ ብለው።

አዘጋጁ ያንን ክፍል ፈልጎ ከፈተልን። አትክልተኛው የውሃ ማጠጫውን እንደያዘ ቆሟል። በሩ ይዘጋል፣ ሙዚቃው ይመጣል፣ ያልቃል። ክው ብዬ ቀረሁ።

ለካ ያን ክፍል አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም። ውጭ ቆመን ቴሌቪዥኑን የምናይበት የልብስ ሰፊው መስኮት ላንተ ደረትህ ድረስ ነበር፣ ለእኔ ግን ከራሴ በላይ። አንተ ታያለህ፣ እኔ የሱሪህን ኪስ ይዤ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤት ስንሄድ ትነግረኛለህ። አሁን ሳስበው የሰውየው መስፊያ መኪና ንግግሩን ይውጠው ስለነበር ግማሹን አንተም አልሰማኸውም፤ አንተ አታላይ! መንገዱ ደግሞ ከድራማው ይረዝም ነበር። እስከ ድልድዩ የምትነግረኝ የድራማው ነው፤ ከድልድዩ እስከ በራችን ያለው ያንተ። ያን ቀን ድልድዩ ላይ ቁጭ ብዬ አልሄድም ብዬ ሳለቅስ «ቆይ፣ አላለቀም እኮ» አልከኝ። በራችን ስንደርስ መርከቡ ተመልሶ ነበር። ከሰሞኑ ስተኩስ እያንዳንዱ አንሶላ ላይ ያ መንገድ ይታየኛል፣ ያንተ ረጅም ጥላና የእኔ አጭር ጥላ ጎን ለጎን።

አዘጋጁ ማስተካከያ ጻፊ አለኝ። መርከቡ አልተመለሰም፣ የመለሰው ወንድሜ ነው፣ መጽሐፉ ግን አሁንም ያንን ትዕይንት ይፈልጋል ብዬ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ሊሰርዝብኝ ሲል ባቡር ነጂው ተከራክረው አስቀሩልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ወንድምዓለም፣ በዚህ ሁሉ ዓመት እመለሳለሁ ስል ዋሽቼህ አላውቅም። እንዲያ የምልህ የሄደ መርከብ እንደሚመለስ ስለማውቅ ነው። ስለማውቅም አልቸኮልኩም፤ ጥፋቴ ይኸው ነው። ትናንት ሥራዬን እንደምለቅ ለአለቃዬ ነግሬያታለሁ። በታኅሣሥ አጋማሽ እነሣለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለሚስትህ፣ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል በልልኝ። ትልቋን ልጅህን ለፈተናዋ አይዞሽ በልልኝ፤ ያላየሁትን ትንሹን ደግሞ አክስትህ ልትመጣ ነው በለው። ልብስ ሰፊው በሕይወት ካሉ ስለ መስኮታቸው አመስግንልኝ።

ክፍሌን ለማንም አትስጥ። የመጣሁ ዕለት ድልድዩ ላይ ቆመህ ጠብቀኝና «ዘገየሽ» በለኝ።

እህትህ ሚጢጢ
ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍል
ጥቅምት 22 ቀን