ሁለት የግራ እጅጌ

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለው? ልጆቹስ? እኔ ንዴቴን ካልቆጠርሽው ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመልክ አበደች ብለሽ ለአክስታችን መንገርሽንም ሰምቻለሁ፤ እሷ ደግሞ አፏ አያርፍም። ያ የመረጥሽልኝ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን ጎደለው ብለሻል። ምንም። ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ ጫማው ሁሌ የተወለወለ ነው። ለሱፉ ስለካው ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንድ ሳንቲ እንኳ አልተሳሳትኩም። እሱ ነው ጉዱ፣ እትዬ። በር የምለካ ነው የመሰለኝ።

መስታወት ገጣሚው የሱቄን መስኮት ሊቀይር የመጣ ቀን ግን፣ እጁን እያየሁ ለደንበኛ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጥኩ። አሥራ አራት ዓመት መቀስ ይዤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ስነግረው ሰውየው ቀኝ እጅ የለውም ወይ ብሎ አሾፈብኝ። በማግስቱ ያበላሸሁትን ዓይነት ጨርቅ ሲፈልግ ውሎ አመጣልኝ። ቆንጆ ነው አላልኩም፤ አፍንጫው ጠመም ያለ ነው። እሱ ሲገባ ግን መርፌ ከእጄ ይወድቃል።

ታዲያ በዚያው እሺ ያልኩት እንዳይመስልሽ። ስፌት ያስተማረኝ የለም፤ የአባታችንን ሱሪ እየተረተርኩ ነው የለመድኩት። ጨርቅ ሳይነከር ከተቆረጠ ኋላ ሲታጠብ እንደሚያጥር ግን አውቃለሁ። ስምንት ወር ነከርኩት። ሲርበው አየሁት፣ ሲታመም አየሁት፣ አለቃው ሰው ፊት ሲያዋርደው አየሁት። አላጠረም፣ ቀለሙንም አልለቀቀም።

ጠባይ ካለ ፍቅር ኋላ ይመጣል ትያለሽ። የሰርግ ቀሚስሽን ስሰፋልሽም ይህንኑ ብለሽኝ ነበር፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ባለፈው ስመጣ ሳሎን ከሶፋው ኋላ የታጠፈ ብርድ ልብስና ትራስ አየሁ። እንግዳ እንዳልነበራችሁ አውቃለሁ። ያኔ አልጠየቅኩሽም፣ አሁንም አልጠይቅሽም።

ሰርጋችን የዛሬ ወር ነው፤ አንቺ ከሌለሽ ሰርግ አልለውም። ቀሚስሽን እኔ እሰፋዋለሁ። የድሮ ልኬትሽ ነበረኝ፣ ግን ከስተሻል። ልኬት አትላኪልኝ፣ ቀደም ብለሽ ራስሽ ነይ። አልጋዬ ለሁለት ይበቃል። እንደ ልጅነታችን ብርድ ልብሱን ሁሉ ጠቅልለሽ ብትወስጂም አልቆጣሽም።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ።

አዝለሽ ያሳደግሽኝ ታናሽሽ