ለፈተና የማይመጣ ቃል

ለምወድሽ እኅቴ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ልጆቹስ በረቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጓሮዬን እኮተኩታለሁ።

ያን የድሮ ርእሰ መምህራችንን ታስታውሺዋለሽ? አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃላት «ማወቅ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ሥር እንዴት እንደተወለዱ ሳስተምር ክፍሌ ገብቶ፣ በተማሪዎቼ ፊት ሰሌዳዬን ጠርጎ «ይኼ ለፈተና አይመጣም!» ያለኝን? ትናንት ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ዲያግኖሲሱን ነገሩኝ፤ ፕሮግኖሲሱን ሰኞ እንነግርዎታለን አሉ። ምን ማለታቸው ነው?» አለኝ።

ዲያግኖሲስ በሽታውን ለይቶ ማወቅ መሆኑን ቀስ ብዬ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ሆኜ አስረዳሁት።

«ሁለተኛውስ?»

«እሱ እንኳ ለፈተና አይመጣም፣ ጌታዬ።»

ፊቱ ደም መሰለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ላንቺ ልንገርሽ፤ በሽታው ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ማወቅ ማለት ነው። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሙ ለእኔም የመጀመሪያውን ነገረኝ። ሁለተኛውን ሊቀጥል ሲል ግን ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ።

ወደ እኔ የምትመጪበትን ጉዞ ለከርሞ አስተላልፌዋለሁ ብለሽኝ ነበር። እስቲ ደግመሽ አስቢበት፤ ጓሮው ዘንድሮ አምሮበታል።

ለመላው ቤተሰብ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ