መቶ አርባ ሰሌዳ

ግንቦት 7፣ ማክሰኞ

ኦርቪል ክሩገር። ጥፋቱ የሱ ነው። ደብተሩን የሚያነበው ስለሌለ ስሙን እስከነአባቱ ጻፍኩት። የሃልደን ትራክተር ፋብሪካ ፎርማን ነበር። ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ቀብሩ ላይ አበባ አስቀምጫለሁ... ለባሌ ስል እንጂ ለሱ አይደለም።

ዛሬ ስሙን ያነሳሁት በስልክ ምክንያት ነው። ሌላ ነገር የለም። ሽንኩርት ተከልኩ። ጉልበቴ እንደ ሁልጊዜው። ከሰዓት በኋላ ድዋይት ሾንፌልድ የሚባል ሰው ደወለ። ጡረታ የወጣሁ የወተት መኪና ሾፌር ነኝ አለ። አሮጌ ሃልደን ይሰበስባል፤ አሥራ አንድ አለው። ትልቁን የእርሻ ትራክተር አይደለም፣ የጓሮውን፤ በበጋ ሣር የሚያጭደውን፣ በብርድ በረዶ የሚገፋውን። የት፣ መቼ፣ ስንት እንደተሠሩ መርምሮ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው።

«ከመገጣጠሚያው ክፍል ሠራተኞች ያገኘኋቸው ሦስት ብቻ ናቸው፣ ወይዘሮ አርዲስ። አንዱ አይሰማም። አንዱ ይዋሻል።»

«እኔ እንደማልዋሽ በምን አወቅህ?»

ሳቀ። ሐሙስ ይመጣል።

ግንቦት 9፣ ሐሙስ

መጣ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት ሰው። ኪፕ የሚባል ጓደኛውን አስከትሎ። ኪፕ ወፍራም ነው፣ ወሬኛ። «ትንሽዬ ብቻ» እያለ ኬኬን ግማሽ አደረሰው።

ሥራቸው የሚገርም ነው። በየገበሬው ግቢ እየዞሩ «አሮጌ ሃልደን አላችሁ?» ይላሉ። ዶሮ የሚተኛበት ጎተራም ቢሆን ይገባሉ። ትራክተሩ ላይ ያለችውን የቁጥር ሰሌዳ ይወለውሉና ስስ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ ይፈትጋሉ። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ስምንት መቶ ወረቀት በጫማ ካርቶን ይዘው መጡ። ለቆርቆሮ ቁራጭ...

ድዋይት አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ከታች በግራ ያለችውን ሪቬት፣ ሰሌዳውን የያዘችውን ምስማር፣ ይዩልኝ። ሁልጊዜ ተጋድማ ነው የተመታችው። እውነተኛ ሃልደን የምንለየው በሷ ነው። ሰሌዳ አስመስለው የሚሠሩት ሌቦች እንኳ አጋድመው መምታት ጀምረዋል።»

«ማሽኑ ነው እንደዚያ የሚያደርገው» አለ ኪፕ፣ አፉ እንደሞላ።

«ማሽን አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩ። «ግራኝ ነኝ። ያቺን ማዕዘን እጄ ቀጥ ብሎ አይደርስባትም ነበር።»

ኪፕ ኬኩን አስቀመጠ። ድዋይት እጄን ይዞ አገላብጦ አየው፤ ጠፍታ የተገኘች ዕቃ ይመስል። ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ? በስልሳ ስምንት ዓመቴ እጅሽን ልየው ያለኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ዘጠኞቹ መጡ።

ሃልደን ሰባት ሺህ ላይ ሲቆጥር ቆይቶ ድንገት ዘጠኝ ሺህ ይላል። መቶ አርባ ትራክተር። ከዚያ ተመልሶ ሰባት ሺህ። እስካሁን አሥራ ዘጠኙን አግኝተዋል። አንዷ የኪፕ ናት፤ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን ሸጦ ነው የገዛት። «ለመንግሥት በልዩ ትእዛዝ የተሠሩ ናቸው» ይላል ኪፕ። ድዋይት አያምንም።

«እርስዎ ነዎት ሰሌዳውን የመቱት። ምን ሆኖ ነው?»

«አላስታውስም» አልኩ።

ግንቦት 10

አላስታውስም አልኩ። ቀዩን ሳጥን እስከነጭረቱ አስታውሳለሁ።

ግንቦት 18፣ ቅዳሜ

ልጻፈው።

አባቴ ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ላም የሚያልብ ሰው ጎደለ። ቁጥር አውቃለሁ፣ ገንዘብ አውቃለሁ፤ ፊደል ግን አልያዘልኝም። ሃልደን ስቀጠር ፎርሙን የሞላልኝ ባሌ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይህን የምታውቀው ቬርና ፔልኪ ብቻ ነበረች። ከኔ አጠገብ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ትራክተር ቁጥር መዝገብ ላይ የምትጽፈው እሷ ናት። ወንድሜ ከጦር ሜዳ የሚልከውን ደብዳቤ ምሳ ሰዓት ላይ ታነብልኝ ነበር። መጥፎ መጥፎውን እየዘለለች... በኋላ ነው የገባኝ።

ኦርቪልም ያውቅ ነበር እላለሁ። ደመወዝ ስፈርም እጄን ሲያይ አይቼዋለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ቀይ ሳጥን አገኘሁ። ሙሉ ሰሌዳ። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሌላ ጊዜ ወረቀት ሲኖር ለቬርና አሳያት ነበር። ያን ቀን ዘግይታ መጣች። ሳጥን ከመጣ ሥራ ነው ብዬ መምታት ጀመርኩ። ስትመጣ «ቁጥሩ ዘጠኝ ሺህ ሆነ እኮ» አለችኝ። «ኦርቪል ነው ያመጣው» አልኳት። አመነችኝና ጻፈችው። ወረቀቱን ቀድጄ ጥዬው ነበር። ሁለት ቀን መታሁ።

ወረቀቱ «የተበላሹ ናቸው፤ እንዳትጠቀሙ» ነበር የሚለው።

ረቡዕ ኦርቪል መጣ። ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያል። «አርዲስ፣ ማንበብ አትችይም?» አለኝ።

እንደው ስድብ ነበር? ወይስ እያወቀ? ዛሬም አላውቅም። እኔ ግን «ሳጥኑን የሰጠችኝ ቬርና ናት፤ ምቺ ብላኝ ነው» አልኩ።

ቬርና አየችኝ። «አርዲስ ፊደል አታውቅም» ብትል ትድን ነበር። አራት ቃል አይሞላም። አላለችም። ዓርብ አባረሯት።

ሰኔ 2፣ እሑድ

ድዋይት ደወለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። የኦርቪል ልጅ ጋራዥ ውስጥ የአባቱን ወረቀቶች አገኘ። አንዱ ቬርና የተባረረችበት ደብዳቤ ነው። «የተበላሹ ሰሌዳዎችን ያለ ፈቃድ በማስመታቷ» ይላል።

«የዘጠኞቹ ምስጢር ተፈታ፣ ወይዘሮ አርዲስ። ስህተት ናቸው። የቬርና ፔልኪ ስህተት ብዬ እጽፋለሁ። መጽሐፉ ለነሐሴው የትራክተር ትርኢት ይደርሳል።»

«ኪፕ አዘነ?»

«መጀመሪያ ሁለት ሰዓት አልተናገረም። አሁን ከስህተት የበለጠ ብርቅ ነገር የለም እያለ ይጨፍራል።»

«ሴትዮዋን ጠየቅሃት?»

«የትም ላገኛት አልቻልኩም። ሞታለች መሰለኝ።»

አልሞተችም። ከዚህ በመኪና ሃያ ደቂቃ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ በባሏ ስም እየተጠራች ነው ያለችው። በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ ላይብረሪ ሄጄ ፊደል ተማርኩ። ያለ ማንም እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው የሰው ስም የሷ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ፣ ጸሎት ከሚደረግላቸው ሕመምተኞች መካከል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ስልኩን «ደህና ዋል» ብዬ ዘጋሁት።

ሰኔ 3

አልደወልኩለትም።

ሰኔ 7

አልደወልኩለትም። እንጆሪው በዛ፤ ለጎረቤት ሰጠሁ።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ማታ ምግብ ቤት የዓሣ እራት ለመብላት ወጥቼ ኪፕን እዚያ አገኘሁት። በቤቱ ሙሉ ሰው ፊት «የቬርና ስህተት» እያለ ቢራውን አነሳ። ትራክተሯን «ቬርና» ብሎ ሰይሟታል። ሰው ሳቀ። ስሟ እንዲህ ሊቀር ነው...

ዓሣዬን ትቼ ቤት ገባሁ። ኮቴን ሳላወልቅ ድዋይት ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ፊደል አለማወቄን፣ ቀዩን ሳጥን፣ ውሸቴን። ቬርና የት እንዳለችም።

 «ወረቀቱ በእጅ የተጻፈ ነበር ወይስ በታይፕ?» አለኝ።

«ድዋይት፣ ሰው አስባረርኩ እያልኩህ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ... ልማድ ሆኖብኝ ነው።» አለና ቀጠለ፦ «ይህ ሲታተም መላው ከተማ ያነበዋል። ስምዎ ይግባ?»

«ይግባ። አለማንበቤም ይግባ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«በእጅ ነው የተጻፈው» አልኩት። «በሰማያዊ እርሳስ።»

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ድዋይት ገጹን ጽፎ አመጣ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ጥሩ ሰው ነው። «በተፈጠረ አለመግባባት ምክንያት ቬርና ፔልኪ ከሥራ ተሰናበተች» ብሎ ጽፏል።

«አለመግባባት አይደለም» አልኩ። «አርዲስ ዋሽታ በል።»

«ከባድ አይሆንም?»

«ለማን?»

ሰረዘው። እንደገና ጻፈው። ከዚያ «ከመታተሙ በፊት እሷም መስማት አለባት፤ ደንቤ ነው። እኔ ልሂድ?» አለ።

እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ከአእምሮዬ ሳይወጣ ልጻፍ።

መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። አንሳለች። «ማን ነው?» አለች። ዓይኗ ሄዷል ለካ።

«አርዲስ ነኝ።»

«የትኛዋ አርዲስ?»

«የሃልደኗ።»

ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «ተቀመጪ እንግዲህ። ወንበሩ ላይ ሹራብ ካለ ግፊው።»

ትራክተር ስለሚሰበስቡት ሰዎች ነገርኳት። ሳቀች። «ለዚያ ለሚንጫጫ ነገር? ወንዶች ሥራ ሲፈቱ!» ገጽ ጽፈዋል፣ አንቺን ይመለከታል አልኳት። «እኔ አላይም፤ አንብቢልኝ» አለች። ወዲያው ቆም አለች። «ትችያለሽ እንዴ?»

«ተምሬያለሁ። ካረጀሁ በኋላ።»

«ጎሽ» አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ይህ ነው ልቤን የወጋው።

አነበብኩላት። ስሟ ላይ ተደናቀፍኩ። «አርዲስ ዋሽታ» የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም።

«ከሃልደን ወጥቼ አይብ ፋብሪካ ገባሁ» አለች። «ደመወዙ ይሻል ነበር። ከዚያ ከኦርቪል አፍ ገላገልሽኝ።»

ሳቅሁ። ቸኩዬ ሳቅሁ... አለቀ ብዬ፣ ቀለለልኝ ብዬ።

እሷ አልሳቀችም። «ሥራው አይደለም፣ አርዲስ። ሴት ልጄ የሞተች ሳምንት ፖስታ ቤቱ ጋ አየሁሽ። እጄን አነሳሁልሽ። መንገድ ተሻግረሽ ሄድሽ።»

«አፍሬ ነው።»

«አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቄ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን የፈለግሁት አንድ ሰው ነበር።»

  ከኮሪደሩ የምሳ ጋሪ ሲመጣ ይሰማል።

«ንባብሽ ጥሩ ነው» አለች ቆይታ። «ወረቀቱን ተዪልኝ። ወንድ ልጄ ሲመጣ ያንብበው። እናቱ የተባረረች ሌባ ሆና ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ነው ያደገው።»

ይህን አላውቅም ነበር።

ስነሳ «የሚመጣው ሐሙስ ልምጣ?» አልኳት።

«አትምጪ። አልተቆጣሁም። ደክሞኛል።»

ሐምሌ 12

የፖስታ ቤቱን ቀን አስታወስኩ። ቡናማ ኮት ነበር የለበሰችው። እጇን ማንሳቷን አይቻለሁ። ወረቀቱን የለጠፈው ኦርቪል ነው። ያን መንገድ ግን በእግሬ የተሻገርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ እዚያ አልነበረም። ከዚያም በኋላ በየገበያው፣ በየቀብሩ... ስንት ጊዜ?

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ

ምንም አልሠራሁም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ትርኢቱ ትናንት ነበር። አልሄድኩም። ድዋይት ማታ መጽሐፉን ይዞልኝ መጣ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። እንዳልኩት ነው ያተመው። የቬርና ልጅ ደውሎ ስድስት ቅጂ አዟል። ኪፕ ትራክተሯን ስም ለውጦላት «አርዲስ» ብሏታል፤ ሰው ሊያያት ተሰልፎ ነበር አሉ። ዘጠኝ ሺህ ቁጥር ያለው ሁሉ ዋጋ ጨመረ። ጥፋቴ ተወደደ። መጽሐፋቸው ላይ እንድፈርም ሦስት ሰዎች ፈልገውኛል። አልፈርምም አልኩት። አልተጨቃጨቀኝም።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናውን ወደሷ አቅጣጫ ነዳሁት። መጽሐፉ አጠገቤ ወንበር ላይ። ለመስጠት ነው አልኩ ለራሴ። ልጇ ስድስት አዝዞ የለ? መኖሪያው አጥር ጋ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። መስኮቷ ይታያል። ለምን መጣሁ? «ይሁን፣ አርዲስ» እንድትለኝ። እንዲቀለኝ። ለሷ የሚሆን ምንም ነገር አልያዝኩም።

አርባ ስድስት ዓመት ስትፈልገኝ ሸሸሁ። አሁን በቃኝ ስትል በር ላንኳኳ?

ሞተሩን አስነስቼ ተመለስኩ። ከእንግዲህ ቬርና ጋ አልሄድም።